ቢላው እሳት አይቷል?

በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመዝገብ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ስለ እኔ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። «በትምህርቷ ጎበዝ ሆና ሳለ በሥነ ሥርዓት በኩል የሚቀራት» ይላል፤ ከሥሩ ክብ ማኅተም አለበት። ወረቀቱ እንዲነሳልኝ ማመልከቻ እንድጽፍ የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ። አልጻፍኩም። ዛሬ እዚችው ሆሳዕና የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ቁም ሳጥኑ የት እንደቆመ አውቃለሁ፤ ቁልፉን የያዘችውም ጓደኛዬ ናት። ግዴለም፣ ይቀመጥ። እንዲያውም ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ ነው የምመኘው።

ነገሩ የሆነው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከአንጋጫ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የገብሱን ማሳና የባሕር ዛፉን ተራ ሲያልፉ፣ ዳገት ላይ የተሠራ የመስክ ሳይንስ ትምህርት ቤት አለ። ሰሌዳና ዴስክ የለውም። ተማሪ ለሦስት ቀን ይሄድና አፈር ይቆፍራል፣ የወንዝ ውኃ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ከድንጋይ ሥር ያሉ ነፍሳትን ይቆጥራል፤ ያየውንም ይጽፋል። በየአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች በየተራ ይጋበዛሉ። የእኛ ክፍል ተራ ሲደርስ ሁሉም በጉዞው፣ በተደራራቢው አልጋና ከቤት ውጭ በማደሩ ነበር የጓጓው። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ተመርጦ ክረምቱን በሙሉ እዚያ ይቆያል፤ በማይክሮስኮፕ ይሠራል ተብሎ ነበር። አንድ ሰው ብቻ። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

የእኛ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነበረው። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከዋንጫዎቹ ጎን ተቀምጦ ነበር። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥዕሉን ስንሥል ኖረናል፤ ይኼ የዓይን መነጽሩ፣ ይኼ መድረኩ፣ ይኼ መስተዋቱ እያልን በቀስት እናመለክታለን። ዓይኔን ጨፍኜ ልሥለው እችል ነበር። ዓይኔን አስጠግቼበት ግን አላውቅም። ይኼ ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

አባቴ የሌሞ ሰው ነው፣ ሀዲያ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። እናቴ የከምባታ ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ ይነገራል፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤት አመጣነው። የፈቃዱ ደብዳቤ ሲመጣ አባቴ መነጽሩን አውልቆ ደግሞ አጠለቀው።

«ሴት ልጅ ሦስት ቀን ከቤት ውጭ ልታድር?»

«ልትማር ነው የምትሄደው እንጂ ልትዳር ነው እንዴ?» አለችው እናቴ። አባቴ ሳቀ፤ ፈረመም። እሱን ለማሳመን እናቴ ምንጊዜም ብዙ ቃል አታባክንም።

ስለ እናቴ አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ጓሯችን ውስጥ እንሰት ነበረን። እንሰት እንደ ጎመን ዛሬ ተተክሎ በወራት የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ዓመታት ይጠበቃል። ቆጮውም፣ ቡላውም፣ አሚቾውም ከእሱ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አጠውልግ የሚባለው በሽታ አንዱን እንሰት ያዘብን። እናቴ ቢላ ወስዳ ቅጠሉን ሰነጠቀችና ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ከተቆረጠው ቦታ ቢጫ፣ ልጋግ የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ቢላውን መሬት ላይ አስቀምጣ ዶማ ልታመጣ ስትገባ፣ እኔ ደግሞ እሷን ለመርዳት ብዬ ቢላውን አንስቼ የጤነኛውን ደረቅ ቅጠል ልቆርጥ ጀመርኩ። እናቴ መትታኝ አታውቅም ነበር። ያን ቀን በጥፊ አለችኝ። ከዚያ ቢላውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ስለቱ እስኪግል ጠበቀች፤ አወጣችና «ይኼ እሳት ካላየ ወደ ጓሮ አይመለስም» አለችኝ። ጉንጬን የያዝኩበትን እጅ እንኳ አስታውሳለሁ፤ ግራዬ ነበር።

ወደ ጉዞው ልመለስ። በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተጭነን ወጣን። ከኋላ ወንበር ያሉት መዝሙር ጀመሩ፤ ሙስሊሞቹ የክፍላችን ልጆች ደግሞ በጭብጨባው አገዙ፤ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ስለጮኸ ሁላችንም ዝም አልን። የባዮሎጂ መምህራችን ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ሁለት ጊዜ ቆጠሩን።

ግቢው ስንደርስ የተቀበለን አሠልጣኝ ወጣት ነበር፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ነው የመጣው፤ የተማረው ፊዚክስ ነው፤ እዚህ እስኪመጣ ድረስ እንሰትን በአካል አይቶት እንደማያውቅ በሳቅ ነገረን። ክፉ ሰው አልነበረም። ስማችንን በአንድ ቀን ያዘ፤ የደከመው ልጅ ቦርሳ ተሸከመ። ይኼን የምጽፈው ቅያሜ ነው እንዳይባል ነው። ቅያሜም አለኝ፤ ግን ሌላ ነገርም አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ገባን። ከግቢው አጥር ወዲያ የአንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ጓሮ ነበር። ትምህርት ቤቱ የቧንቧ ውኃ እስከ ደጃቸው ዘርግቶላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ተማሪዎች ጓሯቸው ገብተው እንሰታቸው ላይ እንዲማሩ ፈቅደዋል። የዚያን ቀን ገበያ ነበርና እሳቸው አንጋጫ ወርደዋል። ቤቱ ተዘግቷል፤ ደጁ ተጠርጓል።

ሥራው ከአሥር እንሰቶች የቅጠል ግንድ ላይ አንዳንድ ቁራጭ ማውጣትና በውስጡ ያሉትን የአየር ክፍሎች በማጉያ መነጽር ማወዳደር ነበር። ቢላው አንድ ነው፤ ልጆች እንዳይቆረጡ ለጥንቃቄ ተብሎ አንድ ሰው ብቻ እንዲይዝ ተወሰነ።

«ቢላ የሚችል ማነው?» አለ አሠልጣኙ።

ሌሎቹ እጃቸውን እስኪያወጡ አልጠበቅኩም። ክረምቱ ዓይኔ ላይ ነበር።

የመጀመሪያውን እሱ ራሱ አሳየኝ፤ ቅጠሉ ዝቅ ስላለ ለእጅ ይቀርባል ብሎ ነው የመረጠው። ዝቅ ያለው ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። የመሐለኛው ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ ዘመም ብሏል። ቆረጥኩ። እሱ ስለ አየር ክፍሎቹ እያስረዳ ሳለ ከቆረጥኩበት ቦታ ያ ቢጫ ልጋግ ብቅ አለ።

«ይኼ የተክሉ ፈሳሽ ነው፤ ጻፉ» አለ አሠልጣኙ። ሁሉም ጻፉ።

«ቲቸር» አልኩት፣ «ቢላው መጀመሪያ እሳት ቢነካው?»

«እሳት? ለምን? ለበረከት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፣ በክፋት አይደለም። «እዚህ የምንሠራው በእምነት ሳይሆን በዓይናችን ባየነው ነው፤ ቀጥይ» አለኝ። ከሚስቁት መካከል ግማሹ የእንሰት ቤት ልጅ ነበር። ልጋጉን አይተዋል፤ ምን እንደሆነም ያውቃሉ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው ያደግነው።

እኔም ቀጠልኩ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን... በዚያው ቢላ፣ እስከ አሥረኛው። ሰው አስገድዶኝ አይደለም። ቢላውን መሬት ላይ ጥዬ «አልቆርጥም» ማለት እችል ነበር። ቁራጮቹ ግን ሁሉም እኩል ወጡ፤ አሠልጣኙ ደስ ብሎት በያዘው ዝርዝር ላይ ከስሜ ጎን ምልክት አደረገ። «ክረምት እንገናኝ ይሆናል» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ይኼን መደበቅ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባለጓሮዋ እናት መጡ። አጠር ያሉ፣ ፈጣን እርምጃ ያላቸው ሴት ናቸው፤ በትልቅ ሰፌድ ላይ የተቀቀለ አሚቾ ከነጭሱ ይዘዋል፣ ከጎኑ ዳጣ በሳህን። በትላንትናው ዕለት እንግዳ ደጃቸው መጥቶ ሳያገኛቸው በመመለሱ አፍረው ነው። በዚያ አገር እንግዳ መጥቶ ባዶውን ከሄደ የሚታማው ባለቤቱ ነው። አሚቾ ማለት የእንሰቱ ሥር ነው፤ አንዱን ለእኛ ብለው ነቅለው ነበር። ተሻምተን በላን። ቁርሳችን ሻይና ዳቦ ብቻ ስለነበር እጃችንን ሳይቀር ላስን። «አማ፣ ይጨምሩልን» አልኳቸው። አማ በእናቴም በአባቴም ቋንቋ እናት ማለት ነው። በከምባትኛ ሳናግራቸው ፊታቸው በራ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ የእናቴን መንደር ነገርኳቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወደ ጓሯቸው ገቡ። ብዙም አልቆዩም። ሲመለሱ ሰፌዱን አልያዙም፤ የተቆረጠ የቅጠል ግንድ ነበር የያዙት። ቀጥ ብለው ወደ አሠልጣኙ ሄዱና በከምባትኛ ተናገሩ። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን እያሉ ነው?»

እሳቸው ያሉት ይህን ነው፦ «የቆረጣችሁት በስንት ቢላ ነው? ቢላው እሳት አይቷል?»

ዳጣው ምላሴ ላይ እያቃጠለ ነበር። አሠልጣኙ ዝርዝሩን በእጁ ይዟል፤ ከስሜ ጎን ያለው ምልክት ይታየኛል።

«ደህና አደራችሁ ወይ፣ ሥራችሁ ተቃናላችሁ ወይ እያሉ ነው» አልኩት።

«ንገሪያቸው፣ በጣም አመሰግናለሁ። ጓሯቸው ለተማሪዎቻችን ትልቅ ትምህርት ሆኗል።»

ወደ አማ ዞርኩ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። «አዎ፣ አይቷል» አልኳቸው በእናቴ ቋንቋ። «ቢላው እሳት አይቷል።»

አማ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «እንኳንም የእኛ ልጅ ከእናንተ ጋር ሆነች» ብለው ሄዱ። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደመጣብኝ አልቆጠርኩም፤ ያ መታ መታ ያደረገኝ እጅ ነው ሲመጣብኝ የዋለው።

ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ ጥሩ ለሠሩ ልጆች ሽልማት ብሎ ማይክሮስኮፕ ያለበት ክፍል አስገባን። ተራዬ ደረሰ። ሁለት ዓመት የሣልኩት ዕቃ ፊቴ ቆሟል። ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት አየሁ፤ ቀጥሎ ብርሃን፤ ከዚያ ጥርት ያሉ፣ አጠገብ ላጠገብ የተደረደሩ፣ ግድግዳቸው የሚታይ ሕዋሶች። ያምራሉ። አምላኬ፣ እንዴት ያምራሉ! ቀና ስል ናሙናው ያለበት መስታወት ጠርዝ ላይ በትንሽ ወረቀት የተለጠፈውን ቁጥር አየሁ፦ አሥር። አሥረኛው እንሰት፣ እኔ የቆረጥኩት።

«እንዴት ነው?» አለኝ አሠልጣኙ።

«ጥሩ ነው» አልኩት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። እኛ ቤት ብቅል አይገባም፤ የእኔን ሆድ ያወጣው አሚቾው ነው። እራት ቀርቦ መብላት አቃተኝ። የሰው ጓሮ ገድዬ፣ ከባለጓሮዋ እጅ በልቼ፣ ዋሽቼ፣ ከዚያ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ተደሰትኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ሲወድቅ ሌሊቱ ነጋ።

ሦስተኛው ቀን የመዝጊያ ዝግጅት ነበር። ሜዳው ላይ ሸራ ተወጠረ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች የታሸገ ውኃ እየተሰጣቸው ተቀመጡ። የክፍላችንን ውጤት የማነበው እኔ ነበርኩ። ምርጫው ከዚያ በኋላ እዚያው ይነገራል ተብሏል። አማም ተጠርተው መጥተዋል፤ ጓሯቸውን ስላዋሱ ሊመሰገኑ ነው። ነጭ ነጠላ አድርገው፣ ከኋላ ረድፍ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበብኩ፤ ለእንግዶች የሚነገረው ሰላምታ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ «ከአሥር ጤናማ እንሰቶች ናሙና ወስደናል» ይላል። ጤናማ የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፌ ላይ አልወጣ አለኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ጤናማ አልነበሩም» አልኩ። «የመጀመሪያው አጠውልግ የያዘው ነበር። ሁላችንም አይተነዋል። እሱን በቆረጥኩበት ቢላ ዘጠኙን ጤነኛ ቆረጥኩ። ቢላው በእሳት አላለፈም። በሽታው የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ እናቴ ታውቃለች፣ እዚህ ያለ የእንሰት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሳይንስ ብለን የመጣነው ሰዎች የሰው ጓሮ በክለናል።»

አሠልጣኙ ወደ እኔ መጣ። «ውጤቱ ላይ ብቻ እናተኩር» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ውጤቱ ይኼ ነው ቲቸር።»

ፊት ረድፍ ላይ ከተቀመጡት አንዱ፣ ክራባት ያሰሩ ሰውዬ፣ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ። ረድፉ ሳቀ። የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ነበር የቀጠልኩት።

«ልክ ነዎት» አልኳቸው። «እራቱ ግን ያለው እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው። የእኚህ እናት እራት ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ የማቃናውም እኔ ነኝ።»

የሳቀ አልነበረም። መምህራችን መሬት መሬት ያያሉ። ለእኔ ደግሞ የሚከብደው ገና ነበር። ወደ ኋላ ረድፍ ተመለከትኩና በከምባትኛ ተናገርኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሌላ ሰው እንዲተረጉምልኝ ሳልጠብቅ።

«አማ፣ ትላንት ዋሽቼዎታለሁ። ቢላው እሳት አላየም። እያወቅኩ ነው የቆረጥኩት።»

አማ ተነሱ። እንዲመሰገኑ የተጠሩበትን ወንበር ትተው በሸራው ሥር አልፈው ወደ ጓሯቸው ሄዱ። እኔም ከመድረኩ ወርጄ ተከተልኳቸው። ከኋላዬ «ነይ ተመለሺ! አንቺ ልጅ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አልዞርኩም።

ጓሮው ውስጥ ስደርስ አማ መቆፈሪያ ይዘው የታመመው እንሰት ሥር ቆመዋል። ይቅር ይሉኛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ እሳቸውም አላሉኝም። ዶማውን ወረወሩልኝ፤ እግሬ ሥር ወደቀ። «ሥሩ እንዳይቀር» አሉኝ። ያ ብቻ ነው ያሉኝ። እንሰቱ ገና ልጅ ነበር፤ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ዩኒፎርሜን ሰብስቤ መቆፈር ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት የክፍሌ ልጆች አጥሩን ዘለው ገቡ፤ አንዷ አባቷ በቦኖሻና በሆሳዕና መካከል መኪና የሚነዳ ልጅ ናት፤ ሒጃቧን ወደ ኋላ አስራ መነቀል የጀመረውን ሥር በእጇ ያዘች። «እኔም አይቼው ነበር» አለችኝ ሳትጠየቅ። ከጓሮው ራቅ ብለን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ከነሥሩ ቀበርነው። ዘጠኙን ደግሞ አማ በደረቅ የእንሰት ቅጠል እያሰሩ ምልክት አደረጉባቸው፤ ለሌላው የሚሠራ ቢላ እንዳይነካቸው ነው።

አውቶቡሱ ጡሩንባ መንፋት ጀመረ። መምህራችን አጥሩ ዘንድ መጡ።

«አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» አሉኝ።

«ይሂድ።»

«ልጄ፣ ምርጫው ተነግሯል። አንቺ አይደለሽም።»

«አውቃለሁ።»

ቆመው አዩኝ። ከዚያ ተመልሰው ሄዱና ሞተሩ ጠፋ። እስክንጨርስ ድረስ ሹፌሩን አስቆሙት። በዚያ በመዝገብ ቤት ባለው ወረቀት ላይ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው፤ ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው። ይኼ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ አሁን መምህርት ከሆንኩ በኋላ ትንሽ ይገባኛል፣ ግን አልስማማበትም።

ልንሄድ ስንል አሠልጣኙ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። «እሳቱ ፈሳሹን ከስለቱ ላይ እንደሚያጠፋ ለምን አላስረዳሽኝም?» አለኝ።

«ነገርኩዎት» አልኩት። «እርስዎ ግን ሳቁ።»

ቤት ስገባ ዩኒፎርሜ ጭቃ ብቻ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ውሸቱን ጭምር። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማና «የእናትሽ ልጅ ነሽ» አለ፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አላወቅኩም። እናቴ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሥሩን አውጥታችኋል?»

«አውጥተናል።»

«እሺ። ታጠቢ።»

ክረምቱን የሄደው የክፍላችን ልጅ ነው፤ ሰነፍ አልነበረም፤ ሲመለስ ያየውን እያንዳንዱን ነገር ነገረኝ፤ እኔም በቅናት እየተቃጠልኩ ሰማሁት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግን በአንድ የገበያ ቀን አንጋጫ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ወደ አማ ጓሮ ሄጃለሁ። ከዘጠኙ አራቱ ጠውልገው ተቀብረዋል። አምስቱ ቆመዋል። አማ ወደ ቤት ግቢ አላሉኝም፤ ውጭ በርጩማ አወጡልኝ። በሚቀጥለው ስሄድ ግቢ አሉኝ። ችግኝ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ከእናቴ ጓሮ የተነሳ፣ አራት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ እንሰት በሽታ የተጻፈ የመማሪያ ጽሑፍ ሳነብ፣ የመቁረጫ መሣሪያን በእሳት ማሳለፍ የሚል ምክር አገኘሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነው፤ አንዲት ቃል አልተሳሳተም። የእናቴ ምድጃ ግን የለበትም፣ ጥፊውም የለበትም። እስክሪብቶ አውጥቼ በዳሩ ላይ «ይኼን እናቴ ታውቀው ነበር» ብዬ ጻፍኩበት። የቤተ መጻሕፍት ንብረት ነበር። እዚህም በሥነ ሥርዓት በኩል የሚቀረኝ ነኝ።

አሁን በየዓመቱ የራሴን ተማሪዎች ይዤ ወደዚያው ዳገት እወጣለሁ። አሠልጣኞቹ ተለዋውጠዋል። ወደ ጓሮው በሚያስገባው በር ላይ የከሰል ምድጃ ይቀመጣል፤ ይኼን ያስገባሁት በሦስት ዓመት ጭቅጭቅ ነው፤ ለተማሪ አደገኛ ነው ብለውኝ ነበር፣ ከእንሰቱ በላይ አደገኛ የሆነው ምኑ ነው አልኳቸው። ተማሪዬ ቢላውን እሳቱ ላይ ይይዛል፣ ይቆርጣል፣ ተመልሶ ይይዛል። የሚስቅ ሲኖር እንዲስቅ እተወዋለሁ፤ ካቆመ በኋላ ለምን እንደሆነ ራሱ እንዲያስረዳኝ አደርጋለሁ።

አማ አርጅተዋል፤ አሁን እርምጃቸው ዝግ ብሏል። በሩ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። የሚገባውን ልጅ ሁሉ «ቢላው እሳት አይቷል?» ብለው ይጠይቁታል፤ «አይቷል አማ» ሲላቸው «ግባ» ብለው ያሳልፉታል፤ የልጆቹን ቃል ያምናሉ። መጨረሻ ላይ እኔ እመጣለሁ፣ ቢላዬን ይዤ። እኔንም ይጠይቁኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ያኔ ግን እጃቸውን ይዘረጉና ቢላውን ይቀበሉኛል፤ የስለቱን ጀርባ በእጃቸው አይበሉባ ይነኩታል፤ ሙቀቱን እስኪያረጋግጡ ድረስ አያሳልፉኝም።